ክንድ የማይደርስበት ብሎን

አንድ መስታወት ሰው አያናድድም። ፊትህን ያሳይሃል፣ ታበጥራለህ፣ ትሄዳለህ። ጣጣው የሚጀምረው ሁለቱን አቁመህ በመሃላቸው ብርሃን እንዲመላለስ ስትፈልግ ነው። ያኔ አንዱን ስታቃና ሌላው ይጣመማል፤ ሌላውን ስታቃና የመጀመሪያው ያኮርፋል። ይህን የተማርኩት ካምፓላ ውስጥ፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ዓመት፣ ከአንድ በያጅ ጋር ቴሌስኮፕ ስሠራ ነው።

በያጁ የቤት ጓደኛዬ ነበር። ካባላጋላ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ጀርባ ያለች ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንኖራለን። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። አፉን የፈታው በትግርኛ ነው፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ አንቱ ብዬው ነበር፤ በሳምንቱ «ተወኝ፣ አታስረጀኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንቱታ በቤታችን የሚሰማው እሱ በእኔ ሲናደድ ብቻ ሆነ። «እርስዎ ገጣሚው፣ ይህን ድስት ያጥቡታል ወይስ ግጥም ይጻፍለት?» ይላል። ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም ጻፍ አላለኝም። እሱ ነገሩን እንደ ቀላል ሕመም ነበር የሚያየው፤ የማይገድል፣ ግን የማይለቅ።

እኔ የሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። በምሳ ሰዓት ናካሴሮ ወዳሉ ቢሮዎችና ፎቆች በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ምግብ አደርሳለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ ብቻውን የሚኖር ፈረንጅ መምህር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ሊዘጋ ነው የተባለ ሰሞን እቃውን በሁለት ቀን ውስጥ ላገኘው ሰው አድሎ ሄደ። ለጥበቃው ፍሪጅ ደረሰው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ አልጋ፤ ለእኔ አንድ ካርቶን። ውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ከሻይ ሳህን ሰፋ ያለ ወፍራም መስታወት ነበር፤ መሃሉ ዓይን በማያውቀው መጠን ጎድጎድ ያለ። ሌላ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ትንሽ መስታወት። ሁለት የዓይን ሌንሶች። በእጅ የተሳለ ንድፍና ጥቂት መመሪያ ያለበት ወረቀት። ሰውየው ሊሠራው አስቦ የተወው ቴሌስኮፕ ነበር። ቱቦ አልነበረውም።

ወረቀቱ ላይ ሲታይ የልጅ ሥራ ይመስላል። ብርሃኑ በቱቦው ክፍት አፍ ይገባል፤ ታች ወለሉ ላይ የተቀመጠው ትልቁ መስታወት ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ አፉ አጠገብ ሰያፍ የቆመው ትንሹ መስታወት ወደ ጎን ያዞረዋል፤ እዚያ ጎን ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ላይ ሌንስና የሰው ዓይን። በቃ።

ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ሥራ የለኝም። እሱ የሚሠራበት ናኪቩቦ ያለው ብየዳ ቤትም ተዘግቷል። በሁለተኛው ሳምንት የክፍላችንን በር ፈትቶ እንደገና ገጠመው፣ መስኮቱን ፈትቶ ገጠመው፣ የአልጋዬን እግር አሳጠረው። አልጋዬ ምንም አልሆነም ነበር። ካርቶኑን አውጥቼ ፊቱ ዘረገፍኩለት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። አንድ ወር?»

«ለዚህ? ሁለት ቀን።»

ስምንት ወር ፈጀ።

ወረቀቱ በመጀመሪያ ደረጃ ትልቁ መስታወት የሩቅ ነገር ምስል የት ላይ እንደሚሰበስብ ለኩ ይላል። ቱቦው የሚቆረጠው፣ ቀዳዳው የሚበሳው በዚያ ልክ ነው። ይህን እኔ ልሥራው አልኩ፤ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኛ። መስታወቱን ከበራችን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አቆምኩት። ከመንገዱ ማዶ የዓሣ ጥብስ ቤት ሰሌዳ አለ፤ ቀይ ዓሣ ተስሎበታል። ነጭ ወረቀት ይዤ ወደፊትና ወደኋላ ስል ድንገት ዓሣው ተገልብጦ፣ ጥፍር አክሎ፣ ወረቀቴ ላይ ታየ። ጠርዙ እንደ ምላጭ የጠራ ነበር። በያጁ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። መቶ ሃያ አምስት ሴንቲሜትር።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«ዓሣውን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ። ርቀቱ ይህ ነው ወይ ነው የምልህ።»

«ይህ ነው።»

ወረቀቱ የሚለው «የሩቅ ነገር» ነው። ማዶ ያለው ሰሌዳ ከእኛ ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በዚያ ሰሞን መኪና አይሄድም፣ ቦዳ ሰው አይጭንም፣ ከበር ውጭ ያለው ሁሉ ሩቅ ነበር። ዓሣ ጥብስ ቤቱ ከተዘጋ ወር አልፎት ነበር። ለእኔ ከዚያ የሚርቅ ነገር አልነበረም።

እሱ ከተዘጋው ብየዳ ቤት ባወጣቸው መሳሪያዎች ላሜራ ጠቅልሎ ቱቦውን ሠራ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ በስቶ የመታጠቢያ ሳህን ማፍሰሻ አጭር ቱቦ ገጠመበት፤ የዓይኑ ሌንስ በዚያ ውስጥ እየተንሸራተተ ይገባል፣ ይወጣል። ትንሹን መስታወት መሃል ላይ የሚይዘው መስቀል ቀጭን መሆን አለበት ብዬ ብነግረውም ከመስኮት ብረት ሠራው። ብርሃኑን ግማሹን ጋረደው። ተከራክረን፣ አኩርፈን፣ በሦስተኛው ቀን ከብረት መጋዝ ምላጭ ሠራው። ያ ሥራ እስከዛሬ ድረስ ካየኋቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ይህን ግን ያኔ አልነገርኩትም።

የተጣላነው በትልቁ መስታወት መቀመጫ ነው። ወረቀቱ መስታወቱ በሦስት ብሎኖችና በሦስት ሞላዎች ላይ ይቀመጥ፣ ብሎኖቹ ከቱቦው ጀርባ እየጠበቁና እየላሉ መስታወቱን ያዘንብሉት ይላል።

«ለምን?» አለ።

«እንዲስተካከል።»

«አስተካክዬ ብበይደውስ?»

«ይንቀሳቀሳል። በየጊዜው መታየት አለበት ነው የሚለው።»

«ስማኝ ወንድሜ» አለ፣ እስኳድራውን አንስቶ። «የሚንቀሳቀስ ነገር ማለት ያላለቀ ነገር ማለት ነው። እኔ ያላለቀ ሥራ ከእጄ አይወጣም።»

በእስኳድራ አራት ጊዜ ለክቶ በየደው። መዶሻ ቢያርፍበት የማይነቃነቅ መቀመጫ ሠራ።

የመጀመሪያው ሙከራ የዝናቡ ወር ከመግባቱ በፊት ነበር። ፀሐይ እንደገባች፣ ቱቦውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አጋድመን ወደ ሁለቱ ደማቅ ኮከቦች አዞርነው፤ ትልቁ ጁፒተር፣ አጠገቡ ያለው ፈዘዝ ያለው ሳተርን። ቀለበት ያለው እሱ ነው ብዬ ለወራት ስነግረው ኖሬያለሁ። እኔ መጀመሪያ አየሁ፤ ቦታውን ለቀቅሁለት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

«አየሁት» አለ። «ቀለበቱን አየሁት። መሃሉ ጨለማ ነው፣ ዙሪያው ብርሃን።»

የታየው ቦምቦሊኖ ነው። ምስሉ ሳይሰበሰብ ሲቀር ማንኛውም ብርሃን እንደዚያ ተነፍቶ መሃሉ ይበሳል። ይህን እንዴት እንደምነግረው ሳስብ እሱ ደስ ብሎት ቱቦውን ወደ ጁፒተር አዞረው።

«ይሄም ቀለበት አለው» አለ። ከዚያ ወደ መንገዱ አምፖል አዞረው። ቀጥ አለ። «አምፖሉም ቀለበት አለው?»

ሌንሱን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቦምቦሊኖው እየጠበበ መጣ፣ እየጠበበ መጣ፣ ነጥብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሌንሱ ከቱቦው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለም። ምስሉ የሚሰበሰበው ከዚያ በታች፣ ዓይንም ሌንስም በማይደርስበት፣ የቱቦው ሆድ ውስጥ ነው።

ስህተቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቅርብ ያለ ነገር ምስሉ ራቅ ብሎ ይሰበሰባል፤ ሰማይ ላይ ያለው ቀረብ ብሎ። በዓሣው ስለለካሁ አምስት ሴንቲሜትር አትርፌያለሁ። ልነግረው ስጀምር አልጋው ላይ ተጋድሞ ሮሌክስ፣ እንቁላል በቻፓቲ፣ እየበላ ነበር፤ ጥቅሉን ቻፓቲ ቀስ ብሎ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው።

«አምስት ሚሊ?»

«ሴንቲ።»

«አምስት ሴንቲ።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ብየዳ ላይ አንድ ሚሊ ስቼ ሰውየው በሩን አልረከብም ብሎኛል። አምስት ሴንቲ። ገጣሚ ሲለካ እንዲህ ነው? ቤት ካልመታ ሌላ ቃል ይፈልግለታል?»

«ሰሌዳው ሩቅ መስሎኝ ነው።»

«እርስዎ በቃ አይለኩ። እርስዎ ያንብቡ።»

መቀመጫው ወደ ላይ አምስት ሴንቲሜትር መምጣት ነበረበት። ብየዳውን በግራይንደር ሲቆርጥ ፊቱን ማየት አልፈለግሁም። ግን ያኔ ዕድሌን ተጠቀምኩ፦ እንግዲህ ከተፈታ አይቀር በብሎን ይሁን አልኩ። በማግስቱ ብየዳ ቤቱ በመጠኑ ተከፍቶ ስለነበር ናኪቩቦ ውሎ መጣና ሦስት ብሎን፣ ስድስት ዳዶ፣ ከቦዳ ሞተር የወጡ ሦስት ሞላዎች ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። «ላላ ያለ ነገር ነው የፈለግከው። ይኸው ላላ ያለ ነገር» አለ።

ብሎኖቹ በገቡ በሳምንቱ አገር ቤት፣ በሰሜን፣ ጦርነቱ ጀመረ። የእናቱ ከተማ ስልክ ተቋረጠ።

ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ብዙ አልተነጋገርንምና። መጀመሪያ ቀን ደወለ፣ አልገባም። ሁለተኛ ቀን ደወለ። በአራተኛው ቀን ማታ፣ የነቢያት ጾም ገና ሳይገባ፣ ሽሮ እየበላን ሳለ፣ ራሱን ሳያነሳ «የአክስትህ ልጅ አሁን የት ነው?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ወታደር ነው። ፎቶውን አይቶታል፣ ግድግዳችን ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«እ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የኩርፊያ ዝምታ ቢሆን እችለው ነበር፤ ያንን ስምንት ወር ለምጄዋለሁ። ይሄ ትሁት ነበር። «ጨው አቀብለኝ» ይላል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል። ድስቱን ሳልጠየቅ አጥባለሁ፣ ሳይጠየቅ ያጥባል። ጾሙ ሲገባ ከአንድ ድስት የጾም ወጥ በየተራ እያወጣን በየአልጋችን ጫፍ እንበላ ጀመር። ፎቶውን አነሳሁት፤ አንስቼው ደግሞ ማንሳቴ የባሰ ሆነ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። አንድ ሰው ከሱ ጋር መኖሬን ጠየቀኝ፣ እንዴት ትችላለህ አለኝ። ከእኔ ጋር መኖሩንም ሰዎች እንደሚጠይቁት አውቃለሁ። የአገሩ ልጆች የተከራዩት ሰፊ ቤት ነበር፤ ቦታ አለን እያሉት ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፦ ምግብ ቤቱም ተከፍቶ ነበርና፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋው ባዶ እንዳይሆን። አትሂድ ግን እንዴት ይባላል? ይህን የሚያህል ነገር የሚሸከም ቃል አልነበረኝም፤ ገጣሚ ነኝ የምለው ሰውዬ።

ስለዚህ ቴሌስኮፑን ያዝኩ።

የሚያናድደው ይህ ነው፦ ብቻህን አይሆንም። ትንሹን መስታወት ማስተካከል ቻልኩ። ሌንሱን አውጥቼ በቦታው መሃሉ የተበሳ የሶዳ ክዳን አደረግሁ፤ በቀዳዳው ሳይ ትንሹ መስታወት ክብ ሆኖ መሃል ላይ መታየት አለበት፣ በውስጡም ትልቁ መስታወት ሙሉው። ይህን በግማሽ ቀን ጨረስኩ። የቀረው ትልቁ ነው። ትልቁ መሃል ላይ ትንሽ የወረቀት ቀለበት ለጥፈናል፤ ብሎኖቹን እየጠመዘዝክ ያ ቀለበት ከራስህ ዓይን ጥላ ጋር እንዲገናኝ ታደርጋለህ። ግን ዓይን የሚቀመጠው ከቱቦው አፍ አጠገብ፣ ብሎኖቹ ያሉት ከቱቦው ጀርባ። ቱቦው ከእኔ ክንድ በእጥፍ ይረዝማል። አይቼ እሮጣለሁ፣ ሩብ ዙር አጠብቃለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ቀለበቱ የት እንደነበረ ረስቻለሁ። እሮጣለሁ፣ አላላለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ስሮጥ ጎማውን ነክቼው ቱቦው ተንቀሳቅሷል። ቺያቬውን በእንጨት አሰርኩት። ዳዶው ላይ ሲያርፍ አይታየኝም።

አከራያችንን ለመንኳቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጃጃ የሚላቸው፣ አያት ማለት ነው፣ አጭር ሴት ናቸው። ቱቦውን አይወዱትም። ሰዓት እላፊ የሚያስጠብቅ ወታደር በየመንገዱ የቆመበት ሰሞን ነበርና «ባዙካ ደጄ ላይ አቁማችሁ ሊወስዱ ሲመጡ የሚወስዱት እኔን ነው» ይላሉ። እንዳይታወቅ ብለው ቀን ቀን አንሶላ ያሰጡበታል። እርጥቡ አንሶላ ከከበደ በኋላ ማታ ያስተካከልኩትን ሁሉ በማግስቱ ማታ ዞሮ አገኘዋለሁ። ቢሆንም ቺያቬውን ይዘው ከጀርባ ተቀመጡልኝ።

«ጃጃ፣ የላይኛውን ትንሽ ያጥብቁ።»

«አጠበቅሁ። ጓደኛህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ትንሽ ያላሉት።»

«አላላሁት። ምንም ያልሆነ ሰው ሰላምታ ይረሳል?»

«ጃጃ፣ የትኛውን ነው ያላሉት?»

«ሁሉንም» አሉ።

ሐሙስ ዕለት በያጁ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ። «ቅዳሜ እወጣለሁ» አለ። «ልጆቹ ጋ። ለሥራም ይቀርበኛል።»

ማለት የነበረብኝን ሁሉ አውቀው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ብሎኖቹ ሳይስተካከሉ?» የሚል ነው።

አየኝ። ከብዙ ቀን በኋላ ፊቱ ላይ ያ የድሮው ንዴት መጣ።

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት?»

«ሳተርን በየምሽቱ ዝቅ እያለ ነው። ከገና በፊት ከጣሪያ ሥር ይገባል። ብቻዬን ክንዴ አይደርስም። ጃጃ ሦስቱንም አላሉት።»

«ለምን ጃጃን ታስነካለህ?»

«ማንን ላስነካ?»

ቦርሳውን አልጋው ላይ ወረወረ፣ ከመሳሪያው መሃል ቺያቬ መረጠ፣ ወጣ። አንሶላውን ገፎ ለጃጃ በር ላይ ሰቀለ። ከቱቦው ጀርባ ቁጢጥ አለ። ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር፤ ምዕራቡ ቢጫ ነው፣ የዝናቡ ደመና ለአንድ ቀን ለቅቆናል።

«ንገረኝ» አለ።

«ወደ ግራ ሂድ።»

«የማን ግራ?»

«የቀለበቱ። ቀለበቱ ወደ ግራ መሄድ አለበት።»

«እኔ ቀለበት አላይም፤ እኔ የማየው ብሎን ነው።»

«የግራውን ብሎን አጥብቅ እንግዲህ።»

አጠበቀ። ቀለበቱ ወደ ቀኝ ሄደ። መስታወት ነዋ፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው የተገለበጠውን ያዞራል፣ እኔ ቆሜ ነው የማየው፣ እሱ ቁጢጥ ብሎ። «ቀኝ» አልኩ፤ ወደ ታች ሄደ። «ታች» አልኩ፤ ከዓይኔ ጠፋ።

«ግራና ቀኝህን አታውቅም እንዴ? ስንት ዓመትህ ነው?»

«መስታወቱ ነው የሚያገላብጠው።»

«መስታወቱ ምንም አላደረገም። ሁልጊዜ መስታወቱ፣ ሁልጊዜ ሰሌዳው።» ቺያቬውን ሲሚንቶው ላይ ጣለው። ተነስቶ ሊሄድ ነው ብዬ ዓይኔን ከቀዳዳው አላነሳሁም። ትንሽ ቆይቶ ከታች «ግራና ቀኝ ተወው» አለ። «የላይኛው ብሎን ናካሴሮ ነው፣ ኮረብታ ላይ ስላለ። ይሄ ወደ ከተማው ያለው ናኪቩቦ፣ እኔ የምሠራበት። ወደ ሐይቁ ያለው ፖርት ቤል። ስሙን ጥራና አጥብቅ ወይም አላላ በለኝ። ግራ ያልከኝ ቀን እነሳለሁ።»

«ናካሴሮን አጥብቅ።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል ልክ የለም። ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር።»

«ሩብ።»

ቀለበቱ እንደ ሰነፍ ዓሣ ተንቀሳቀሰ። የት እንደሄደ አየሁ፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። «ፖርት ቤልን አላላ፣ ሩብ። እንደገና። በቃ፣ አለፈ፣ መልሰው። ናኪቩቦን አጥብቅ።» አንዱን ስንነካ ሌሎቹ ይቀየማሉ፤ ናካሴሮን ሦስት ጊዜ ተመለስንበት። ዝንብ አንገቱ ላይ እያረፈች እሱ ይሳደባል፣ በትግርኛ፣ ለዝንቧ ይሁን ለእኔ አልለየሁም። በጦርነቱ ወር ሙሉ ያልተነጋገርነውን ያህል ቃል በአንድ ሰዓት ውስጥ ተለዋወጥን፤ ሁሉም ስለ ብሎን። የወረቀቱ ቀለበት የዓይኔ ጥላ መሃል ገብቶ ሲቆም «ቁም» አልኩ። እጁን እሳት እንደነካው አነሳ።

የሶዳውን ክዳን አውጥቼ ሌንሱን ከተትኩ። ሳተርን ትንሽ ነው። ማንም ያን ያህል ትንሽ መሆኑን አይነግርህም፤ የጤፍ ፍሬ ቢሆን ነው። ግን ጤፏ ዙሪያ ቀጭን ነገር ነበር፣ ዘንበል ያለ፣ ከአካሏ የተለየ፤ በመሃላቸው ክር የምታህል ጨለማ። ቦታውን ለቀቅሁለት።

አየ። ዓይኑን አንስቶ ቱቦው አፍ ላይ ሥዕል ተለጥፎ እንደሆነ ፈተሸ። እንደገና አየ።

«ይሄን ለማየት ነው ያን ሁሉ ላሜራ የበላኸው?» አለ። ግን ዓይኑን አላነሳም፤ ኮከቡ ከሌንሱ ሲወጣ ቱቦውን በጉልበቱ እየገፋ ይከተለው ነበር። ብዙ ከቆየ በኋላ «አሁን ልበይደው?» አለኝ።

«አይበየድም። ባነቃነቅከው ቁጥር ይዛባል። በየምሽቱ መስተካከል አለበት።»

«በየምሽቱ?»

«በየምሽቱ።»

«የማይረባ ዕቃ» አለ።

ቅዳሜ ሄደ። ሲሄድ፣ አትሂድ እንዲባል የሚፈልግ ሰው አይመስልም ነበር፤ እኔም አላልኩትም። ፍራሹን በቦዳ ላይ አስሮ፣ የመሳሪያውን ሳጥን እቅፍ አድርጎ። ለጃጃ የስንብት ሳሙና ሰጣቸው። እሁድ ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ቦታው ሰፍቶኝ ስዞር ዋልኩ። ቴሌስኮፑን አላወጣሁትም፤ ለምን አወጣዋለሁ።

ሰኞ ፀሐይ ልትገባ ስትል የግቢው በር ተንኳኳ። ቺያቬውን ከኋላ ኪሱ ሰክቶ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ ቆሟል። «መንገዱ ተዘግቷል፣ ቦዳው በሦስት ሰፈር ዞሮ ነው ያመጣኝ» አለ፤ እኔ የዘጋሁት ይመስል። «ለምን አላወጣኸውም?» እና ከቱቦው ጀርባ ቁጢጥ አለ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ መጣ። ዝናብ ያለ ቀን እንኳ መጥቶ ደመናውን ተሳድቦ ይመለሳል። ለምን እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም፤ እሱም ብሎኖቹ ላይ እምነት ስለሌለው እንደሆነ አድርጎ ያወራ ነበር። ጁፒተርና ሳተርን በየቀኑ እየተጠጋጉ፣ ወደ ጣሪያው እየወረዱ መጡ።

አንድ ምሽት እኔ ዓይኔ ቀዳዳው ላይ ነው፣ እሱ ከታች ናኪቩቦን ይዟል። ቱቦው በመሃላችን ስላለ አንተያይም። «ዛሬ አርባ ሁለተኛ ቀኔ ነው» አለ።

ዓይኔ እዚያው ቀዳዳው ላይ ነበር።

«በየጠዋቱ እደውላለሁ። አንዲት ሴት አይገኝም ትለኛለች። የእሷን ድምፅ ከእናቴ ድምፅ አብልጬ ለመድኩት። ትናንት ማታ የእናቴን ላስታውስ ብዬ ያቺ መጣችብኝ።»

ዓይኔን አነሳሁ። ዞሬ ሄጄ አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ እናቱ ነገረኝ፤ ስኳር እንዳለባቸው፣ መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃቸው ሲያሰላ እንደሚያድር። እኔም አክስቴ ስለ ልጇ ምንም እንዳልሰማች፣ በየቀኑ እንደምትደውልልኝ፣ ምን እንደምላት እንደማላውቅ ነገርኩት። «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ፤ ነገርኩት። ደገመው። የተናገርነው ይህ ነው፤ ምንም የሚያስታርቅ ነገር አልተናገርንም፣ ቀድሞም በዚህ አልተጣላንም። ቀና ስል ሁለቱም ኮከቦች ከጣሪያው ጀርባ ገብተው ነበር። ያን ምሽት ምንም አላየንም።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስበት ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ። «ነገ ሥራ አለ፣ ትንሽ እዘገያለሁ» አለ።

«ሳተርን አይጠብቅህም።»

«እሱ አይጠብቀኝ» አለ፣ በሩን እየከፈተ። «አንተ ጠብቀኝ።»

በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን አልነገረኝም። በማግስቱ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቱቦውን አውጥቼ፣ ምንም ሳልሠራ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።